አባቴ ታስሮ ነበር

የሆስፒታሉ ወረቀት አባቴን «ከመንገድ ዳር ወድቆ የተገኘ፣ ማንነቱ ያልታወቀ» ይለዋል። ሁለቱም ውሸት ነው። አባቴ መንገድ ዳር አልወደቀም፤ ማንነቱንም አቃቂ ውስጥ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከመሞቱ በፊት የት እንደሰነበተ እኔ አውቃለሁ፣ እናቴ ታውቃለች፣ ምግቡን ከእጃችን የተቀበሉት ጠባቂዎችም ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ የለፋሁት ይህንኑ የምናውቀውን ነገር አንድ የመንግሥት ቢሮ እንዲጽፍልን ነው።

አባቴ ከወሎ የወጣው ገና ጢም ሳያበቅል፣ የካሚዮን ረዳት ሆኖ ነው። ከረዳትነት ወደ ሹፌርነት አደገ፤ ዕድሜውን ጭነት ሲያመላልስ ኖረ። ስኳር ዓይኑን ሲያደክመው መሪውን በራሱ ፈቃድ ተወ። «ሰው ሳልገድል ልውረድ» ብሎ ቁልፉን ለባለንብረቱ መልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ ውሎው የአንድ የድሮ ጓደኛው ጎሚስታ ቤት በር ላይ ነበር። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ድምፅ ያዳምጣል። «የዚህኛው ፍሪሲዮን አልቋል» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። መርፌውን ጠዋትና ማታ ራሱ ነው የሚወጋው። እኔ ሳሪስ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ኢንሱሊኑን የማመጣለት እኔ ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን አፈሳ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ፒክአፕ መጥቶ ጎሚስታው ደጃፍ ሲቆም ወጣቶቹ ሮጡ። ጓደኛው «ኧረ ተነስ፣ ወደ ውስጥ ግባ» ቢለው አባቴ «ምን አድርጌ ነው የምገባው?» ብሎ ቁጭ አለ። መታወቂያ ጠየቁት፤ አወጣ። ጊዜው አልፎበታል። ሊያሳድስ ወረዳ እየሄደ «ሲስተም የለም» እየተባለ ሲመለስ ነበር የከረመው። ይህን ሊያስረዳቸው ሞከረ። «እዚያ ሄደህ ታስረዳለህ» ብለው ከያዟቸው ወጣቶች ጋር ጫኑት።

ጣቢያው በሰው ስለተሞላ የተያዙትን አንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አጉረዋቸው ነበር። እኔና እናቴ በማግስቱ ጠዋት ምግብ ይዘን ሄድን። በሩ ላይ ብዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ጠባቂው የታሳሪውን ስም ይጠይቃል፣ ወደ ውስጥ ይጮኻል፣ ምግቡን ያስገባል፤ የትናንቱ ባዶ ሳህን ይወጣል። የአባቴ ሳህን ታጥቦ ይወጣ ነበር። በምን ውሃ እንደሚያጥበው አላውቅም። እናቴ ግን ታጥቦ በወጣ ቁጥር «ደህና ነው ማለት ነው» ትላለች።

ኢንሱሊኑን በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ይዤ ሄጄ ነበር። ጠባቂው ከፍቶ አየና «መርፌ አይገባም» አለኝ።

«መድኃኒት ነው። ካልወጋ ይሞታል።»

«እህቴ፣ መርፌ አይገባም አልኩ እኮ።»

አልሄድም ብዬ ቆምኩ። ከኋላዬ ያሉት ሴቶችም «ኧረ ሽማግሌ ናቸው፣ አስገቡላቸው» እያሉ ጮኹ። በመጨረሻ አለቃቸው መጣ። ፔርሙዙን ተቀበለኝና «ሐኪም ሲመጣ ይሰጣቸዋል» አለኝ። «ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኩት። «ይመጣል» አለ። ፔርሙዙ አልተመለሰም። በማግስቱ ሌላ ኢንሱሊን ይዤ ስሄድ «ትናንት የሰጠሽው አለ» አሉኝ።

አንድ ጊዜ አየሁት። ውሃ የጫነ መኪና ሊገባ የግቢው በር ወለል ብሎ ሲከፈት፣ በዚያ ሰማያዊ ሸሚዙ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጫማውን አውልቆ አጠገቡ ደርድሮታል። «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። ወደ ድምፄ ዞረ፤ ግን ዓይኑ ስለደከመ ከሴቶቹ ሁሉ መሃል እኔን የለየኝ አይመስለኝም። ዝም ብሎ ወደ በሩ እጁን አነሳ። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ጠባቂው ምግባችንን ሳይቀበል «እሳቸው ተፈትተዋል» አለን።

«መቼ?» አለች እናቴ።

«ትናንት። ሂዱ፣ ቤት ታገኟቸዋላችሁ።»

እናቴ መንገድ ላይ «አልሀምዱሊላህ» እያለች፣ እየሳቀች፣ እየሮጠች ነበር የሄደችው። እኔ ከኋላዋ ሳህኑን ይዤ እከተላለሁ። ቤት ስንደርስ በሩ እንደቆለፍነው ነው። ጎሚስታው ጋ ሄድን፤ አላየውም። መስጊድ ጠየቅን። ዘመድ ጋ ደወልን። እኔ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቼን በየሆስፒታሉ የሚያውቁት ሰው ካለ እንዲጠይቁልኝ ለመንኩ። በማግስቱ አንዷ ደወለችልኝ። «አንድ ሽማግሌ አሉ» አለች፤ «ስማቸው አይታወቅም። ሰማያዊ ሸሚዝ ነው የለበሱት።»

አስከሬን ክፍል ገብቼ ያየሁት እኔ ነኝ። ባዶ እግሩን ነበር። በዚያው ዕለት አጥበን፣ ከፍነን፣ ሰግደንበት ቀበርነው።

ለቅሶው ላይ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር። «መንገድ ላይ ወድቀው ተገኙ» ይላል አንዱ። «እንዴት አንድ ሰው አብሯቸው አይወጣም?» ይላል ሌላው። አንዲት ጎረቤታችን፣ ክፋት ኖሯት ሳይሆን፣ እናቴን ልታጽናና «ስኳር አእምሮ ያስታል፤ መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል» አለቻት። እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየቻት። ሰው ሁሉ ሲሄድ ግን ጠራችኝ።

«ይሄን መንገድ ላይ ወደቀ የሚሉትን አስጠፊልኝ» አለችኝ። «አባትሽ ቤት እንደሌለው፣ ሰው እንደሌለው ሜዳ ላይ አልወደቀም። ታስሮ ነበር። ታስሮ ነበር ብለው ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ዒዳዋን እስክትጨርስ ከቤት ብዙ አትወጣምና ጉዳዩን ይዤ የዞርኩት እኔ ነኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ሲነጋጋ ከዚያ በአውቶቡስ እወርዳለሁ፤ ቢሮ ለቢሮ ዞሬ ፋርማሲው የከሰዓት ፈረቃዬ ላይ እደርሳለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ጣቢያው ጋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ፖሊስ የአባቴን ስም ከነአያቱ ጻፈ፤ መዝገቡን ገለጠ፤ ዘጋው።

«እዚህ አልታሰሩም።»

«እዚህ ሳይሆን አዳራሹ ውስጥ ነው የነበሩት።»

«አዳራሹ በእኛ ሥር አይደለም።»

«በማን ሥር ነው ታዲያ?»

«እሱን ከላይ ጠይቂ» አለና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ።

አዳራሹ ጋም ሄድኩ። ሰዎቹ ወጥተው ወለሉ ታጥቧል፤ ፕላስቲክ ወንበር እየደረደሩ ነው። የአዳራሹ ኃላፊ «ለስብሰባ እንፈልገዋለን ብለው ቁልፍ ወሰዱ፣ ጨረስን ብለው ቁልፍ መለሱ። እኔ የማውቀው ይሄን ነው» አለኝ። የእናቴና የእኔ ሰልፍ የነበረበት አጥር ሥር አንድ ልብስ ሻጭ ሸራውን ዘርግቷል።

ስለዚህ ወደ ከተማው አስተዳደር ቢሮ ወጣሁ። እዚያ መረጃ ለሚጠይቅ ሰው የተመደበ አንድ ወጣት አለ፤ ክራቫት ያሰረ፣ ትሁት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ማንኛውም ዜጋ መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ነገረኝና ማመልከቻ ሰጠኝ። ስጽፍ ቆይቶ ጠየቀኝ።

«መረጃውን የፈለግሽው ለካሣ ነው?»

«አይደለም።»

«ለክስ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድነው?»

«አባቴ ታስሮ እንደነበር እንዲጻፍልኝ ነው።»

«ከዛስ?»

«ከዛ ምንም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየኝ። ለካሣ ነው ብል፣ ወይም ከሳሽ ነኝ ብል የሚቀልለው መሰለኝ። እነዚያን የሚመልስበት ቃል አለው። «እሺ፣ እናያለን» አለኝ።

ከሳምንታት በኋላ ስመለስ የእስር መረጃ ለራሱ ለግለሰቡ ወይም ለሕጋዊ ወራሹ ብቻ እንደሚሰጥ ነገረኝ። ወራሽነቴን ላረጋግጥ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ፍርድ ቤቱ የሞት ምስክር ወረቀት አምጪ አለኝ። የሞት ምስክር ወረቀት የሚሰጡት ደግሞ የሆስፒታሉን ወረቀት አይተው «ይሄ እኮ ማንነቱ ያልታወቀ ይላል፤ አባትሽ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አሉ። ጎሚስታው፣ አስከሬኑን ያጠበው ሰውና አንድ ጎረቤታችን ሄደው መሰከሩልኝ። የአባቴን ሞት ለማሳመን ያንን ሁሉ ቢሮ ስዞር አንዳንዴ የምጠይቀው ምን እንደሆነ ለራሴም ይጠፋኝ ነበር። ቆሜ ስጠብቅ እንባዬ ይመጣል፤ ተራዬ ሲደርስ ይደርቃል።

ሁሉንም አሟልቼ ተመለስኩ። ወጣቱ ወረቀቶቼን እያገላበጠ «አሟልተሻል» አለ፤ ደስ ያለውም ይመስል ነበር። ወደ መዝገብ ቤት መራኝ።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ የምትሠራው ሴት የእኔ እኩያ ትሆናለች። ማመልከቻዬን ተቀብላ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገች፤ ከዚያ ተነስታ ፋይሎቹ ጋ ሄዳ ቆየች። ስትመለስ «ነገ ነይ» አለችኝ። በማግስቱም ነገ ነይ አለችኝ። እንዲህ እያለች አመላለሰችኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን ተከትላኝ ወጣች፤ ኮሪደሩ ጫፍ መስኮቱ ጋ አቆመችኝ።

«እህቴ፣ አትድከሚ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደብቄሽ እንዳይመስልሽ። የአዳራሹ ሰዎች አልተመዘገቡም።»

«አባቴ ነው ያልተመዘገበው?»

«ማንም አልተመዘገበም። አምጥተው አስገቧቸው፣ ከዚያ ለቀቋቸው። አንድ ወረቀት የለም።»

«ስም እየጠሩ ምግብ ሲያስገቡ ነበር እኮ!»

«በአፍ ነዋ።»

መስኮቱን ያዝኩ። ከታች መንገዱ ላይ ታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ቦታ አንድ መደርደሪያ ላይ የአባቴ ስም ተጽፎ የተቀመጠ፣ እኔ እንዳላየው የተከለከልኩ ይመስለኝ ነበር። መከልከል ይሻላል ለካ።

«እሺ፣ ይህንኑ ጻፉልኝ» አልኳት። «የታሰሩት አልተመዘገቡም ብላችሁ ጻፉልኝ።»

«እሱንማ ማን ይፈርማል?» አለች። ክንዴን ጨበጥ አድርጋኝ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

ወረቀት ከሌለ ሰው ልፈልግ አልኩ። ጎሚስታው ከአባቴ ጋር አዳራሹ ውስጥ የነበረ አንድ የስልጤ ሰው እንዳለ ሰምቶ ነገረኝ፤ አቃቂ ገበያው አጠገብ ሱቅ አለው። ሄድኩ። ዘይት እየቀዳ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግረው እጁ ቆመ፤ ከዚያ መቅዳቱን ቀጠለ። ሁለት ደንበኞች አጠገቤ ቆመዋል።

«ተሳስተሻል እህቴ» አለኝ። «እኔ ታስሬም አላውቅም።»

ከሱቁ ወጥቼ እስከ መንገዱ ድረስ ስድብ እየፈለግኩለት ሄድኩ።

በቀጣዩ ጁምዓ ከሶላት በኋላ የእናቴ ቤት በር ተንኳኳ። እሱ ነው። ጎሚስታው ነው ቤቱን ያሳየው። ጫማውን አውልቆ ገባና በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ተሸፋፍና ከወዲያ ጥግ ነበረች። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነው የተናገረው።

«እናቴ፣ ከእሳቸው ጋር ጎን ለጎን ነበር የምንተኛው» አላት። «መጀመሪያ ደህና ነበሩ። ምግቡ ሲመጣ ሰው ያልጠየቃቸውን ልጆች ጠርተው ያበላሉ። ወጣቶቹ እንዳይጣሉ የመተኛ ቦታ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ነበሩ። በኋላ ውሃ ጥም ያዛቸው። ቢጠጡ ቢጠጡ አይረኩም።»

«ውሃ ተከልክሎ ነበር?» አለች እናቴ።

«እኛ አልከለከልናቸውም። ለእያንዳንዳችን የምትደርሰንን ለእሳቸው ነበር የምንሰጠው። መድኃኒታቸውን ግን ስንለምን ሐኪም ይመጣል ነው የሚሉን። ሐኪም አላየንም።»

እኔ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሳይነግረን አውቄዋለሁ። ቢሆንም አላቋረጥኩትም።

«መጨረሻ ላይ መኪና የሚነዱ መሰላቸው» አለ። «እኔን ረዳታቸው አድርገውኝ፣ ‹ውረድና ጎማውን እይልኝ› ይሉኛል። እኔም እሺ ብዬ ተነስቼ እመለሳለሁ። ‹ደህና ነው ጋሼ፣ ይሄዳል› ስላቸው ‹በል እንሂድ› ይላሉ። መናገር ሲያቅታቸው ሁላችንም በሩን ደበደብን። ብዙ ቆይተው ከፈቱ። በብርድ ልብስ ተሸክመን ፒክአፑ ላይ ያስተኛናቸው እኛ ነን። እኔ በእግራቸው በኩል ነበርኩ። ሲወጡ በሕይወት ነበሩ። ጫማቸው እኛ ጋ ቀረ፤ ላመጣላችሁ ብዬ ይዤው ነበር፣ ስንወጣ ቀሙኝ።»

እናቴ ከሽፋንዋ ሥር «ብቻውን አልነበረም ማለት ነው» አለች።

«አልነበሩም እናቴ። በፍጹም።»

ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ስታለቅስ አይቼያት አላውቅም።

ልሸኘው ስወጣ በር ላይ ያዝኩት። «ይህን የነገርከንን ጽፈህ ፈርምልኝ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ልጆች አሉኝ እህቴ። ሱቄን ያሽጉብኛል። ያወቅኩትን ለሚስታቸው ነግሬያለሁ፤ አላህ ይወቅልኝ።» ለመንኩት። ከዚያ ተቆጣሁት። ከውስጥ እናቴ «ተይው!» አለችኝ፤ «መጥቶ ነግሮኛል፣ ተይው።» እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም ነበር። እስከዛሬም በሱቁ በኩል ሳልፍ አንዳንድ ቀን ሰላም እለዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ።

የከተማው መልስ ክረምቱ ሲገባ መጣ። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ከሦስት መስመር አይበልጥም። በተጠቀሰው ስም የተያዘ ግለሰብ ስለመኖሩ የሚያሳይ መረጃ ያልተገኘ መሆኑን እንገልጻለን ይላል። ለእናቴ አነበብኩላት። እንድደግምላት ጠየቀችኝ፤ ደገምኩላት።

«አልታሰረም ነው የሚሉት?» አለች።

«አልታሰረም አይሉም። ታስሯል የሚል አላገኘንም ነው የሚሉት።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

ወረቀቱን አጥፌ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር አስቀመጥኩት።

ዒዳዋን ስትጨርስ «እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ሊፍቱ አይሠራም። ደረጃውን በየመሃሉ እያረፍን ወጣን። ወጣቱ ሲያያት ብድግ አለ።

«እማማ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጠችም። «ልጄ፣ ባለቤቴ እናንተ ጋ ነበር» አለችው። «በእጄ ምግብ አቀብዬዋለሁ። ሳህኑን ሰጥታችሁኛል። ታጥቦ ነበር የሚመጣው። የሌለ ሰው ሳህን ያጥባል?»

ወጣቱ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሌሎቹም መጻፋቸውን አቆሙ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለ። ከልቡ ነበር፤ ድምፁ ተቀይሯል።

«እሺ» አለችው። «ይቅርታ ያልከውን ጻፈውና ፈርምልኝ።»

አልጻፈውም። ቅሬታ የሚያይ ኮሚቴ እንዳለ፣ እንደገና ማመልከት እንደምንችል፣ ማመልከቻውንም እሱ ራሱ እንደሚሞላልን ነገረን። ሞላልን። እናቴ በአውራ ጣቷ ፈረመች፤ ጣቷን የምትጠርግበት ሶፍት ሰጣት።

ስንወርድ ደረጃው መሃል ላይ ቆመች፤ ትንፋሽ አጥሯት የብረቱን መደገፊያ ያዘች። የሚወጡ ሰዎች በጎናችን ያልፋሉ። እስክታርፍ ቆሜ ጠበቅኳት። «እናቴ፣ ይብቃን?» አልኳት። እውነቴን ነው፣ በቃን እንድትለኝ ፈልጌ ነበር።

«መቼ ተመለሱ ነው ያለን?» አለችኝ።

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ የሚመቸኝ በጠዋት ነው» አለችና ክንዴን ይዛ መውረድ ጀመረች።